ያቺ ስንዝር፦ ባቡርን በመርከብ ስለማሻገር የተደረገ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶችም ጭምር፣ እንደምን አመሻችሁ?

ከሥራ ውላችሁ፣ ደክሟችሁ፣ ስለ ባቡርና ስለ መርከብ ለመስማት እዚህ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ የምጠራቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጥያቄ ልጀምር። ባቡር ባሕር ዳር ሲደርስ ምን ይሆናል? ሐዲዱ አልቋል። ፊት ለፊት ውኃ ነው። ማዶ ሌላ ሐዲድ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ድልድይ የለም፤ የውስጥ ለውስጥ ዋሻም የለም። ምን ይደረግ?

ለብዙ ጊዜ መልሱ የሰው ጀርባ ነበር። ፉርጎው ይከፈታል፤ ጆንያው በሸክም ወደ ጀልባ ይወርዳል፤ ማዶ ሲደርስ እንደገና በሸክም ይወጣና ሌላ ፉርጎ ላይ ይጫናል። የሚሰበረው ይሰበራል፣ የሚረጥበው ይረጥባል፣ የሚጠፋውም ይጠፋል። ባቡሩ በሰዓታት ያመጣውን ጭነት ውኃው ዳር ቀናት ይበሉታል። እንግዲህ ጭነቱን ከፉርጎው ከማውረድ ይልቅ ፉርጎውን ከነጭነቱ መርከብ ላይ ማውጣት የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ድካም ነው። በመርከቡ ወለል ላይ ሐዲድ ይነጠፋል፣ ባቡሩ ይገባል፣ መርከቡ ይሻገራል፣ ባቡሩ ይወጣል። ሲነገር ቀላል ነው።

ብዙ ሰው የሥራው ከባዱ ክፍል ባሕሩን ማቋረጥ ይመስለዋል። አይደለም፣ ወገኖቼ፤ አይደለም! መርከብ ባሕር ማቋረጥን ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል። ከባዱ ነገር የመሬቱ ሐዲድ አልቆ የመርከቡ ሐዲድ የሚጀምርባት ቦታ ናት። አንዲት ስንዝር ናት። የዚህ ሙያ ጥበብ ሁሉ እዚያች ስንዝር ላይ ነው፤ የዚህ ሙያ ሞትም አብዛኛው የመጣው በዚያችው በኩል ነው። ዛሬ ማታ የምናገረው ስለዚህች ስንዝር ነው። መጀመሪያ እንዴት እንደምትገጠም፣ ቀጥሎ ባሕሩ በእርሷ በኩል ሲገባ ምን እንደሚሆን፣ በመጨረሻም የት የት እንደቀረች እነግራችኋለሁ።

አንደኛው ነጥቤ እንግዲህ ገጠማው ነው።

ወደ ስኮትላንድ እንሂድ። ከኤድንብራ በስተሰሜን የፎርዝ ወሽመጥ መሬቱን ለሁለት ይከፍለዋል። በ1850 በግራንተንና በበርንትአይላንድ ወደቦች መካከል «ሌቪያታን» የተባለ የእንፋሎት መርከብ የጭነት ፉርጎዎችን ከነጭነታቸው ማሻገር ጀመረ። በዓለም የመጀመሪያው ዘመናዊ የባቡር መርከብ እርሱ ነው ይባላል። መርከቡን የነደፈው ቶማስ ግሬንጀር ሲሆን፣ የእኔን ስንዝር የፈታው ግን ቶማስ ባውች የተባለ ወጣት መሐንዲስ ነበር። ችግሩ ይህ ነው፦ መሬት ባለበት ይቆማል፣ ባሕሩ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጠዋት ከሐዲዱ ጋር እኩል የነበረው መርከብ ከሰዓት በኋላ በብዙ ሜትር ወርዶ ይገኛል። ባውች በተዳፋት ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ መድረክ ሠራ፤ ጫፉ ላይ መርከቡን የሚነካ ድልድይ አያያዘበት። ውኃው ሲወጣ መድረኩ ይወጣል፣ ውኃው ሲወርድ መድረኩ ይወርዳል። ዛሬም በየወደቡ መኪና ወደ መርከብ የሚገባበት ተንቀሳቃሽ ድልድይ ከዚህ ሐሳብ የተወለደ ነው።

ስለዚህ ሰው ጥቂት ልቆይ፤ ታሪኩ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ባውች በኋላ ቴይ በተባለው ሌላ ወሽመጥ ላይ ረጅም የባቡር ድልድይ ነደፈ። ድልድዩ በ1878 ተከፈተ፤ ለእርሱም የክብር ማዕረግ ተሰጠው። ታኅሣሥ 28 ቀን 1879 ማታ በኃይለኛ ነፋስ የድልድዩ መካከለኛ ክፍል ተደረመሰ፤ በላዩ ሲያልፍ የነበረው ባቡር ከነተሳፋሪዎቹ ወደቀ። አንድም ሰው አልተረፈም። ባውች ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ከዚያ ማታ በኋላ ሰዎችን በቴይ ላይ ያሻገራቸው ምን ነበር? ድልድዩ ከሥራ ያስወጣቸው መርከቦች ተመልሰው ነው። አዲሱ ድልድይ በ1887 እስኪከፈት ድረስ አገልግለዋል።

ወደ ገጠማው ልመለስ። መኪና ተዳፋት ይወጣል፤ ባቡር ግን አይወጣም። ብረት በብረት ላይ ስለሚሽከረከር ጥቂት ከፍታ ካየ ይንሸራተታል። ስለዚህ መሸጋገሪያው ድልድይ ረጅም መሆን አለበት፤ የውኃው ከፍታና ዝቅታ በሰፋ ቁጥር ድልድዩም ይረዝማል። የሚበቃ ድልድይ መሥራት ካልተቻለስ? የእንግሊዟን የወደብ ከተማ የዶቨርን መልስ ስሙ። ከ1936 እስከ 1980 ድረስ በለንደንና በፓሪስ መካከል የሌሊት ባቡር ነበር። መንገደኛው ለንደን ላይ በመኝታ ፉርጎ ይተኛል፣ በዶቨርና በፈረንሳዩ ወደብ በደንከርክ መካከል ባሕሩን በእንቅልፍ ያልፋል፣ ፓሪስ ላይ ይነቃል። ዶቨር ላይ የባሕሩ መውጣትና መውረድ ሰፊ ስለሆነ መሐንዲሶቹ ድልድዩን ከማርዘም ይልቅ ባሕሩን ራሱን ልክ አስያዙት። መርከቡ በግንብ ወደታጠረ ገንዳ ይገባል፣ በሩ ከኋላው ይዘጋል፣ ፓምፖች የውኃውን ከፍታ ከሐዲዱ ጋር እስኪስማማ ድረስ ያስተካክላሉ። ገንዳው የተቆፈረበት ድንጋይ ስንጥቅጥቅ ስለነበረ ግንባታው ሠራተኞቹን ክፉኛ አስቸግሯል። ይህ ሁሉ ለምን? ለአንዲት ስንዝር!

አሁን ከራሴ ሕይወት ልንገራችሁ።

ወጣት ሳለሁ ከሮም ወደ ሲሲሊ በሌሊት ባቡር ተሳፍሬ ነበር። ቪላ ሳን ጆቫኒ ከምትባለው የወደብ ከተማ ስንደርስ ባቡሩ ቆመ። ወደኋላ ሄደ፤ ቆመ፤ ወደፊት መጣ። ከታች የሰንሰለትና የፉጨት ድምፅ ይሰማኛል። አንድ መርከብ ሙሉውን ባቡር በቁመቱ ስለማይችለው በየክፍሉ ይቆርጡታል፤ እያንዳንዱን ክፍል በተለያየ ሐዲድ ያስገቡታል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። በድንገት የመንኮራኩሩ ድምፅ ተለወጠ። ሐዲዱ መሬት ላይ ሲሆን ድምፁ የታፈነ ነው፤ የመርከቡ ወለል ላይ ሲወጣ ግን ባዶ በርሜል እንደሚመታ ያስተጋባል። በመስኮት የነበረው ጨለማ ጠፋና ነጭ ቀለም የተቀባ የብረት ግድግዳ መጣ። ከዚያ ጎናችን ሌላ ባቡር ቀስ ብሎ ገብቶ ቆመ። አየሁት፤ ሌላ ባቡር አይደለም። ከእኛ ፊት የነበረው ፉርጎ ነው! ከአንድ ሰዓት በፊት በመተላለፊያው ያለፍኳቸው አንዲት እናት ልጃቸውን አቅፈው በመስኮታቸው ያዩኛል። እኔም አያቸዋለሁ። አንድ ባቡር ላይ ነን፤ ግን ጎን ለጎን ቆመናል። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሕይወቴን ለዚህ ሥራ የሰጠሁት ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ነው።

ዓመታት አልፈው በአንድ የባቡር ማሻገሪያ መርከብ ላይ የጭነት መኮንን ረዳት ሆንኩ። የመርከቡንም የወደቡንም ስም አልጠራም። ሥራዬ ፉርጎዎች የሚገቡበትን ቅደም ተከተል መቆጣጠር ነበር። ይህ ለምን ያስፈልጋል ትሉ ይሆናል። የተጫነ ፉርጎ በአስር ቶኖች የሚቆጠር ክብደት አለው። በአንድ ጎን ብቻ ብትደረድሩት መርከቡ ወደዚያ ያዘነብላል። ስለዚህ መሃሉ ይቀድማል፣ ከዚያ ግራና ቀኙ በተራ ይሞላል፤ የቀረውን ልዩነት ፓምፖች በመርከቡ ሆድ ውስጥ ውኃ ከአንዱ ታንክ ወደ ሌላው እየገፉ ያቃኑታል። የሚገፋው ሎኮሞቲቭ ደግሞ ከባድ ስለሆነ ድልድዩን እንዳይረግጥ በእርሱና በጭነቱ መካከል ባዶ ፉርጎዎች ይቀጠላሉ፤ እንደ ረጅም ክንድ ማለት ነው።

አንድ ማለዳ አምስት ፉርጎ በግራው ጠርዝ ልናስገባ ነበር። ከጣቢያው የመጣው ወረቀት «ባዶ» ይላል። ወረቀቱን አመንኩ። ሁለተኛው ፉርጎ ሲገባ መርከቡ አዘነበለ። ድልድዩ አንድ ጫፉ መሬት ላይ፣ ሌላው ጫፉ መርከቡ ላይ ነው፤ መርከቡ ሲያጋድል እንደ ጨርቅ ተጠመዘዘ። ከእግሬ ሥር ያለው ብረት ሲያቃስት ሰማሁ። በስተግራ ያለ አንድ አዛውንት ሠራተኛ እጁን አንሥቶ በኃይል አፏጨ፤ ሁሉም ነገር ቆመ። በጣቱ ወደሚያመለክተኝ ቦታ ወርጄ ሳይ የሦስተኛው ፉርጎ የፊት መንኮራኩር ከሐዲዱ በሁለት ጣት ያህል ተነሥቷል። በመንኮራኩሩና በሐዲዱ መካከል የባሕሩ ብርሃን ይታያል። ሁለት ጣት! ፉርጎዎቹ ባዶ አልነበሩም፤ እስከ አፋቸው ብረት ተጭነዋል። ውኃ ከታንክ ወደ ታንክ እየገፋን መርከቡን እስክናቃና አርባ ደቂቃ ፈጀብን። አዛውንቱ አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ምንም ወረቀት ቢመጣልኝ የፉርጎውን የመንኮራኩር ሞላ ጎንበስ ብዬ በዓይኔ ሳላይ አላስገባሁም። ሞላው የተጨመቀ ከሆነ ፉርጎው ባዶ አይደለም።

ስለ ሞላው ካነሣሁ ማሰሩን ልጨምር። ፉርጎ መርከብ ላይ ሲቆም ፍሬን ብቻ አይበቃውም። ለመንኮራኩሩ ታኮ ይደረግለታል፣ በአራት በኩል በሰንሰለት ይጠፈራል። ይህም አይበቃም። ለምን? ፉርጎው በሞላ ላይ ስለተቀመጠ መርከቡ በተናወጠ ቁጥር ይነጥራል፤ ሲነጥር ሰንሰለቱ ይላላል። ስለዚህ አካሉን በክሪክ ደግፈው ከሞላው ላይ ያነሡታል፤ ያኔ ከመርከቡ ጋር አንድ አካል ይሆናል። በ2002 በካስፒያን ባሕር ላይ «መርኩሪ 2» የተባለው መርከብ ነዳጅ የጫኑ የባቡር ታንኮችን ይዞ ሲጓዝ በማዕበል ጭነቱ ከእስሩ ተፈታ። መርከቡ ሰጠመ፤ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ።

በዚህ ሁለተኛው ነጥብ ላይ ደርሻለሁ። ልብ ብላችሁ እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ባቡር እንዲገባ መርከቡ መከፈት አለበት። ሌላ መርከብ ሆዱ በግድግዳ የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ክፍል ውኃ ቢገባበት ሌላው ይተርፋል። የእኛ መርከብ ግን የባቡሩ ወለል ከጫፍ እስከ ጫፍ ወለል ያለ ነው፤ ባቡር በግድግዳ አያልፍምና። በሰፊ ትሪ ላይ ውኃ ይዛችሁ ተራምዳችሁ ታውቃላችሁ? ትሪው ጥቂት ሲያዘነብል ውኃው በሙሉ ወደዚያው ይሮጣል፤ ሲሮጥ ይበልጥ ያዘነብለዋል። የዚህ መርከብ አደጋ ይህ ነው። በወለሉ ላይ የገባ ጥቂት ውኃ ታላቁን መርከብ ይገለብጠዋል።

በሰሜን አሜሪካ በሚቺጋን ሐይቅ ላይ ከ1892 ጀምሮ የባቡር መርከቦች ክረምት ከበጋ ይሻገሩ ነበር። ጥቅምት 22 ቀን 1929 «ሚልዋኪ» የተባለው መርከብ ፉርጎዎቹን ጭኖ በማዕበል ውስጥ ወጣ። አልተመለሰም፤ አንድም ሰው አልተረፈም። በኋላ ግን ውኃ የማያስገባ የመልእክት ዕቃ ተገኘ። በውስጡ የመርከቡ ሒሳብ ሹም የጻፈው ማስታወሻ ነበር። መርከቡ በፍጥነት ውኃ እየገባበት መሆኑን፣ ፊታቸውን ወደ ወደቡ መመለሳቸውን፣ ፓምፖቹ እየሠሩ ቢሆንም የኋላው መዝጊያ ስለተጣመመ ውኃውን ሊያግድ አለመቻሉን ይናገራል። መጨረሻ ላይ የሠራተኞቹ ዝርዝር ባለፈው የደመወዝ ቀን ከነበረው ጋር ያው ነው ማለት ይቻላል ይላል። ይህን ስታስቡት ምን ይሰማችኋል? ሰውየው ሊሞት ነው፤ ያውቃል። በዚያች ሰዓት ያሰበው እነማን ከእርሱ ጋር እንደሞቱ ቤተሰቦቻቸው የሚያውቁበትን መንገድ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው በጃፓን ሆነ። በሆንሹና በሆካይዶ ደሴቶች መካከል፣ በአኦሞሪና በሃኮዳቴ ወደቦች፣ የባቡር መርከቦች አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ጉዞ ነበራቸው። መስከረም 26 ቀን 1954 ታይፉን የሚሉት ኃይለኛ የባሕር አውሎ ነፋስ እየመጣ ስለነበር «ቶያ ማሩ» ሃኮዳቴ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ወደ ማታ ገደማ ዝናቡ አባራ፤ ሰማዩ ጠራ። ካፒቴኑ ታይፉኑ ያለፈ መሰለው። አላለፈም ነበር። መርከቡ ወጣ፤ ብዙም ሳይርቅ ነፋሱ ስለበረታበት መልሕቅ ጣለ። የመርከቡ ኋላ፣ ባቡሩ የሚገባበት ማለቴ ነው፣ መዝጊያ አልነበረውም። ማዕበሉ በዚያ ገባ። ከባቡሩ ወለል ወደ ማሞቂያውና ወደ ሞተሩ ክፍል ወረደ፤ ሞተሩ ቆመ። መርከቡ ከባሕሩ ዳርቻ በማይርቅ ቦታ ተገለበጠ። ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ወሽመጥ፣ ሌሎች አራት የባቡር መርከቦችም ሰጠሙ። አምስት መርከብ በአንድ ሌሊት!

በሚቀጥለው ዓመት «ሺኡን ማሩ» በጭጋግ ውስጥ ከሌላ የባቡር መርከብ ጋር ተጋጨ። ከሞቱት 168 ሰዎች ብዙዎቹ ለትምህርት ጉዞ የወጡ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚህ በኋላ የተሠሩት መርከቦች ኋላቸው ላይ ውኃ የማያስገባ በር ተገጠመላቸው። ወጣት መሐንዲሶች ካላችሁ ይህን አትርሱ፤ ያ በር ሲነደፍ ስሌቱን የጀመረው የሰው ሬሳ ነው። በሩ ከመርከቡ መነሣት በፊት መዘጋቱን ሄዶ በእጁ የሚነካ ሰው ያስፈልጋል። መብራቱ አረንጓዴ ነው ብሎ አይለፍ። ይሂድና ይንካው።

ስለ ባይካል ሐይቅ ደግሞ ሳልነግራችሁ አልወርድም። የሳይቤሪያ ባቡር ሲዘረጋ ሐይቁ መንገዱን ቆረጠው። ሩሲያ በእንግሊዝ አገር በኒውካስል «ባይካል» የተባለ በረዶ ሰባሪ የባቡር መርከብ አሠራች፤ ከዚያ ፈታትተው በባቡር፣ በጀልባና በበረዶ ተሳቢ ወደ ሐይቁ አጓጓዙትና እዚያው ገጣጠሙት። በ1900 ሥራ ጀመረ። ግን የክረምቱ ድርብ በረዶ ለእርሱም ከበደው። በ1904 ከጃፓን ጋር ጦርነት ሲነሣ ወታደሩና ስንቁ መሻገር ስለነበረበት በበረዶው ላይ ሐዲድ ነጠፉ። ሎኮሞቲቭ ሊያሳልፉ ሲሞክሩ በረዶው ተሰነጠቀና ሰጠመ። ከዚያ በኋላ ፉርጎዎቹን በፈረስ ጎተቷቸው። መርከቡ ራሱ በ1918 በእርስ በርስ ጦርነቱ ተቃጠለ።

ሦስተኛውን ነጥብ በአጭሩ ልበል፤ ሰዓቱን እያየሁ ነው።

ድልድይና ዋሻ መርከቦቹን አንድ በአንድ ተክተዋል። በቻይና በናንጂንግ ከተማ የያንግትዜን ወንዝ የሚሻገረው መርከብ በ1968 በድልድይ ተተካ። በጃፓን 53.85 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሴይካን ዋሻ በመጋቢት 1988፣ ታላቁ የሴቶ ድልድይ ደግሞ በሚያዝያ ተከፈቱ። በዴንማርክ ታላቁ ቤልት በተባለው የባሕር ሰርጥ ላይ የተሠራው መሻገሪያ በ1997 ባቡር ጀመረ። ከጀርመን ፑትጋርደን ወደ ዴንማርክ ሮድቢ ባቡር የሚያሻግሩት መርከቦች ባቡሩን በ2019 አቆሙ፤ አሁን ከባሕሩ ሥር ዋሻ እየተሠራ ነው። እኔ በዚህ አላዝንም። በቶያ ማሩ ላይ የሞቱትን ያሰበ ሰው በዋሻ ሊያዝን አይችልም። የማዝነው የሰዎቹ ዕውቀት ሳይጻፍ ሲጠፋ ነው፤ ያ አዛውንት መንኮራኩሩን ከእኔ በፊት ያየው በየትኛው መጽሐፍ ተምሮ ነው?

ሥራው ግን አልሞተም። በካስፒያን ባሕር ላይ ከባኩ ወደ ማዶ ፉርጎ ይሻገራል። በቱርክ በቫን ሐይቅ ላይ በታትቫንና በቫን መካከል ይሻገራል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ለዓመታት ቆመው የነበሩት «ኡሞጃ» እና «ኡሁሩ» የተባሉት የባቡር መርከቦች ታድሰው ወደ ሥራ ተመልሰዋል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከአሜሪካው ወደብ ከሞቢል እስከ ሜክሲኮው ወደብ እስከ ኮአትሳኮአልኮስ ቀናት የሚፈጅ ጉዞ የሚያደርጉ የባቡር መርከቦች አሉ።

እኔ በወጣትነቴ በተሻገርኩበት፣ የጣሊያንን ምድር ከሲሲሊ ደሴት በሚለየው በመሲና ሰርጥ ላይም ከ1899 ጀምሮ እስከ ዛሬ ባቡሩ በመርከብ ይሻገራል፤ መንገደኞችን ይዞ። ሰርጡ በጠባብ ቦታው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድልድይ ለመሥራት ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲታቀድ ኖሯል። ከመካከላችሁ ወደዚያ የሚሄድ ካለ አንድ ነገር ልለምነው። ባቡሩ ቪላ ሳን ጆቫኒ ላይ ሲቆም አይተኛ። መስኮቱን ትንሽ ከፍ አድርጎ ይጠብቅ። የመንኮራኩሩ ድምፅ የሚለወጥበትን ቅጽበት ያዳምጥ። ከዚያ ወደ ታች ይመልከት፤ በዚያች ስንዝር አጠገብ ጓንት ያጠለቀ፣ ፋኖስ የያዘ ሰው ጎንበስ ብሎ መንኮራኩሩን ሲያይ ያገኘዋል። እጁን ያውለብልብለት።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ እጃችሁን አንሡ።